ከጸጉሬ የተሠራው ዝንብ

ሳጥኑን ያገኘሁት የልብስ ማስቀመጫው ክሎዜት ውስጥ፣ ከአገር ስንመጣ በያዝነው ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ነው። የክረምቱን ብርድ ልብስ ልመልስ ብዬ ሻንጣውን ስጎትተው ከባሌ ጋቢ ሥር የሆነ ነገር ኮሽ አለ። እኔ ደግሞ ኮሽ ያለ ነገር ሳላይ ማለፍ አልችልበትም፤ ይኼ አመል ከእናቴ የወረስኩት ነው። ከፈትኩትና ክው ብዬ ቀረሁ።

ክዳኑ የሚያሳይ ጠፍጣፋ የላስቲክ ሳጥን ነው፤ ውስጡ በትንንሽ ክፍል ተከፋፍሏል። በአንዱ የዶሮ ላባ አለ፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ገብስማ። በሌላው ቀይ ክርና ጥቁር ክር። ከዚያ ቀጥሎ ከጣት ጥፍር የማይበልጡ መንጠቆዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ላይ ላባና ጸጉር በክር ተጠፍሮ አንገታቸው ላይ ተቋጥሯል። አንዱን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት። ጸጉሩ ረጅም ነው፣ ሂና ነክቶት ጫፉ ቀልቷል። የኔ ጸጉር ነው። ሰው የራሱን ጸጉር አይስትም።

የባሰው ግን መጨረሻው ክፍል ውስጥ ያለው ነበር። ዚፕ ባላት ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ አንዲት ዘለላ ጸጉር በነጭ ክር ታስራ ተቀምጣለች። አጭር፣ ለስላሳ፣ ጥቁር። የኔ አይደለችም። የባሌም አይደለችም፤ የሱ ጸጉር ከርዳዳ ነው። ገብስማ ዶሮ፣ ቀይ ክር፣ የኔ ጸጉር፣ የሌላ ሴት ጸጉር። ወሎ ተወልዶ ላደገ ሰው ይኼን ማንም ሊተረጉምለት አያስፈልግም። መተት ነው። እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ጊዜው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። ዲቪ ደርሶን አትላንታ ከገባን ሦስት ዓመት ሆኖናል፤ ስቶን ማውንቴን አንድ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ባሌ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ላለ ሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል፤ እኔ ሌላ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ አጥፋለሁ።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ሕፃኑ ሳይተነፍስ ተወለደ። ነርሷ በነጭ ፎጣ ጠቅልላ አመጣችና ማየት እፈልግ እንደሆነ ስትጠይቀኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ባሌን ደግሞ እጁን ጨምድጄ ይዤ አስማልኩት። ወንድ ይሁን ሴት፣ ምን ይምሰል፣ የት ይቀበር፣ አንዲት ቃል እንዳትነግረኝ፤ ወላሂ በል አልኩት። ወላሂ አለ። ከመስጊድ ሰዎች ጋር ሄዶ ቀብሮ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ባሌ ዝም አለ። እራት በልቶ ይተኛል፣ ጠዋት ተነስቶ ይሄዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ኦቨርታይም አለብኝ ይላል፤ ሲመለስ ጫማው ጭቃ ነው፣ አንገቱ ፀሐይ መትቶታል። ሻትል የሚነዳ ሰው ጫማው የሚጨቀየው በምን ሒሳብ ነው? ሴት ይዟል አልኩ ለራሴ። ቨርጂኒያ ላለችው እህቴም ደውዬ፣ እስከ ሰኔ መጨረሻ አይቼው ይኼ ሰው ካልተመለሰልኝ አንቺ ጋ እመጣለሁ አልኳት። ነይ አለችኝ። ትዳሬ የቀረው እስከ ሰኔ መጨረሻ ነበር ማለት ነው።

ጸጉሬ ደግሞ ከወሊዱ በኋላ በእፍኝ በእፍኝ ይረግፍ ጀመር። እኛ ዘንድ የረገፈ ጸጉር የትም አይጣልም፤ ክፉ ሰው እጅ እንዳይገባ ይቀበራል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የት ይቀበራል? ምንጣፉን ቆፍሬ? መሬት እስካገኝለት ብዬ በፌስታል አድርጌ መታጠቢያ ቤት፣ ከቧንቧው ጀርባ ወትፌው ነበር። ሳጥኑን ካየሁ በኋላ ሮጬ ሄጄ ፌስታሉን አየሁት። ጎድሏል።

ሳጥኑን በፎጣ ይዤ ወረድኩ። ታችኛው ፎቅ ላይ ልጃቸው ጋ የሚኖሩ አንድ የአዲስ አበባ እናት አሉ፤ እማማ እላቸዋለሁ። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ እኔ እስላም ነኝ፤ በመተት ጉዳይ ግን ልዩነት የለንም።

«በስመ አብ ወወልድ» አሉ ሳጥኑን ሲያዩት። «በባዶ እጅሽ ነካሽው?»

«ነካሁት፣ እማማ። እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ገብስማ ዶሮ ነው'ኮ ይኼ፣ ልጄ። እዚህ አገር ገብስማ ዶሮ ከየት ተገኘ?»

እሱን እኔም አስቤዋለሁ። አትላንታ ውስጥ ገብስማ ዶሮ ፈልጋ ያገኘች ሴት ምን ያህል ቆርጣ ብትነሳ ነው ብዬ ይበልጥ ፈራኋት።

እማማ በኮካ ጠርሙስ ያስመጡትን ጠበል ረጩበት፤ እኔም ከቁርአን በቃሌ የማውቃትን ቀራሁበት። እኔ ለሳቸው አሜን አልኩ፣ እሳቸውም ለኔ አሜን አሉ። ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ፤ እሳት አይነካውም፣ ቆሻሻ ውስጥም አይጣልም፣ ውሃ ይብላው። የቅርቡ ውሃ ወደ ስኔልቪል በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ መናፈሻ ውስጥ ያለ ትንሽ ሐይቅ ነው፤ እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ለሽርሽር ሄደው ያውቁታል። ባሌ ኦቨርታይም የሚገባበትን ቅዳሜን መረጥን።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ዛፍ ሥር ፓርክ አደረግኩና እማማን ደግፌ ወደ ውሃው ወረድን። ቢስሚላህ ብዬ ሳጥኑን ልወረውር እጄን ሳነሳ እማማ ክንዴን ያዙኝ።

«ያ ባልሽ አይደለም እንዴ?»

ባሌ ነው። ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ይኼ ሰውዬ የወሎዋ የሐይቅ ከተማ ልጅ ሆኖ ዋና አያውቅም፤ ውሃ ዳር ሲደርስ የኔን እጅ የሚይዝ ሰው ነው። አሁን ረጅም ቀጭን ዘንግ ይዞ ከራሱ በላይ ወዲህና ወዲያ ያወናጭፋል፤ ከዘንጉ ጫፍ ቢጫ ገመድ አየር ላይ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል። ከኋላው የገለባ ባርኔጣ ያደረገ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ በሚታጠፍ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዙሪያውን አማተርኩ። ሴት የለችም።

«አሞራ እያባረረ ነው?» አሉ እማማ ቀስ ብለው።

ሳጥኑን ይዤ ቀጥ ብዬ ሄድኩና ዳሩ ላይ ቆሜ ጠራሁት። ዞሮ መጀመሪያ እኔን አየ፣ ቀጥሎ ሳጥኑን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከፈትሽው?»

«ከፈትኩት። ማናት?»

«ማን ማናት?»

«ጸጉሬን ከገብስማ ዶሮ ጋር የምታስተበትብብኝ ናታ!»

ዘንጉን ዝቅ አደረገ። ከዚያ «ዝንብ ነው» አለኝ።

«ምን?»

«ዝንብ። የዓሣ ዝንብ።»

ወይ አብዷል ወይ እያላገጠብኝ ነው ብዬ ደሜ ተንተከተከ። ሽማግሌው አማርኛ አይስማ እንጂ ነገሩ ገብቶታል። ተነስቶ ሳጥኑን ከእጄ በትሕትና ወሰደ፤ ከኔ ጸጉር ከተሠሩት አንዱን መርጦ፣ ከቢጫው ገመድ ጫፍ በሚንጠለጠለው እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ናይሎን ላይ አሰረና ለባሌ አሳያት አለው። ባሌ ዘንጉን አነሳ። ገመዱ ወደፊት ተጠቅልሎ ተፈታና ያቺ ጸጉራም ነገር ከአንድ የወደቀ ግንድ አጠገብ ውሃው ላይ ጠብ አለች። ክብ ክብ ሞገድ ሠራች። ባሌ አልነቀነቃትም፣ ዝም አለ። ሞገዱ ጠፋ። ገመዱን በጣቱ ስንዝር ሳብ ሲያደርግ እሷም እንደሰጠመች ዝንብ ተወራጨች። ወዲያው ጧ የሚል ድምፅ ተሰማና ዘንጉ ጎበጠ።

ያወጣው ዓሣ የመዳፍ ስፋት አለው። ደረቱ ብርቱካን ነው፣ ጉንጩ ሰማያዊ። ዝንብ መስሎት ነክሶ፣ ከከንፈሩ ጥግ የኔ ቀይ ጸጉር ተንጠልጥሏል። እማማ አማተቡ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ራሴን ዳሰስኩ።

ባሌ መንጠቆውን ነቅሎ ዓሣውን ወደ ውሃው መለሰው።

«ምን ሆነህ ነው የለቀቅከው?» አልኩት።

«ትንሽ ነዋ።»

«ትንሽ መሆኑን እያወቅክ ታዲያ ለምን ያዝከው?»

እማማም ይኼ ሁሉ ልፋት ለመልቀቅ ነው ወይ ብለው ከመተቱ ይልቅ በዚህ ተገረሙ።

የነገሩን መነሻ እዚያው ቆመን ነገረኝ። ሽማግሌው በዚያው ዓመት ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ባሌ የሚሠራበት ሆቴል የጥገና ሠራተኛ ነበር። የካቲት መጨረሻ ላይ ባሌን ሻትሉ ውስጥ መሪውን ተደግፎ ሲያለቅስ አገኘው። ምን ሆንክ ብሎ አልጠየቀውም፤ ቅዳሜ ና ብቻ አለው። «እዚህ ሰው ዝም ቢል ማንም ለምን አይለውም» አለኝ ባሌ። ለዝንብ መሥሪያ የሚሆን የሽኮኮ ጭራ ሲያልቅባቸው ከቧንቧው ጀርባ ያለው ፌስታል ትዝ አለው። «ወስደሽ ከቆሻሻ ጋር እንዳትጥይው ፈራሁ፤ ጸጉርሽ ሲጣል ማየት አልሆነልኝም።» ለምን ደበቅከኝ ስለው፣ ልጁን የቀበረ ሰው ዓሣ ይዞ ይለቃል ብዬ በምን አፌ ልንገርሽ አለ።

ሆዴ ባባ፣ አልዋሽም። ግን ዓይኔ ከሳጥኑ መጨረሻ ክፍል አልተነሳም።

«ይቺስ? ይቺ ጥቁሯ የማን ናት?»

ሳጥኑን ከሽማግሌው እጅ ወሰደና ክዳኑን ዘጋው። «እሷን ተያት።»

«የማን ናት?»

«መናገር አልችልም።»

ልቤ እንደገና ድንጋይ ሆነ። እንግዲህ ሴቲቱ አለች፣ ስሟን ለመጥራት ግን አልደፈረም ማለት ነው። እሺ አልኩ በሆዴ፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬህ እመጣለሁ፣ እሷም አንድ ቀን ብቅ ማለቷ አይቀርም። ላውንድሪ ውስጥ ሺፍቴን አስቀየርኩ።

ሽማግሌው ቆሜ ስጠብቅ ሲያየኝ ሁለተኛ ዘንግ አመጣልኝ። ብዙ አይናገርም። ያስተማረኝ ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም፤ እስከ ዛሬ ግን አልረሳሁትም። ብሉጊል የሚባለው ይኼ ትንሽ ዓሣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ አይፈለግም። ሙቀት ሲገባ ወደ ዳር ይመጣል፤ ውሃው ከጉልበት በማያልፍበት ቦታ አሸዋውን በጭራው ጠርጎ ሰሐን የሚያክል ክብ ጎድጓዳ ይሠራል። ከዳር ጎንበስ ብለሽ፣ ጥላሽን ሳትጥይበት ካየሽ ጎድጓዶቹ ጎን ለጎን ይታያሉ። እያንዳንዱ ላይ አንድ ዓሣ ቆሞ ጭራውን ያወዛውዛል።

«እንቁላሉን የሚጠብቀው አባትየው ነው» አለኝ ሽማግሌው። «እናትየዋ ጥላ ትሄዳለች።»

ይኼን ሲል ለምን እንደተናደድኩ አላውቅም። እናትየዋም ቢሆን ምክንያት ይኖራታል ብዬ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ መለስኩለት። ሳቀና ይኖራታል አለኝ።

አወራወሩ ላይ ግን ፍዳዬን አየሁ። እኔ አንሶላ የማራገፍ እጅ ነው ያለኝ፤ ከትከሻዬ አንስቼ ሳወናጭፈው ገመዱ ዛፍ ላይ ይጠመጠማል። አንድ ቀንማ መንጠቆዬ የእማማን ነጠላ ከኋላቸው ይዞ ነጠላው ራሳቸውን ጥሎ ሄደ። እማማ ከዚያ በኋላ መኪና ውስጥ ሆነው ነው የሚያዩት። ሽማግሌው ከኋላሽ ዛፍ ሲኖር ማወናጨፍ የለም ብሎ ሌላ መንገድ አሳየኝ። ዘንጉን ቀስ አድርገሽ እስከ ጆሮሽ ታነሺዋለሽ፤ ገመዱ ከጎንሽ ወደ ታች እስኪንጠለጠል ቆም ትያለሽ፤ ከዚያ ግድግዳ ላይ ምስማር እንደምትመቺ አንዴ ወደፊት ትመቺና ታቆሚያለሽ። ገመዱ ራሱ ተጠቅልሎ ይሄዳል። ጉልበት አይጠይቅም። ጉልበት አለመጠየቁ ነው ያስቸገረኝ።

ዝንቡ ውሃው ላይ ሲያርፍ ደግሞ ምንም አለማድረግ ነው። ሞገዱ እስኪሞት ይጠበቃል። «ሞገዱ ይሙት» ይላል ሽማግሌው፤ አማርኛውን ባሌ አስተምሮታል። ዓሣው ከሥር ሆኖ ያየዋል፣ ይጠራጠራል፣ ይጠጋል፤ አንቺ ከቸኮልሽ ሞገዱ ይገፋዋል። ሞገዱ ሲሞት በጣትሽ ስንዝር ትስቢያለሽ፣ እንደገና ትጠብቂያለሽ። ሲነክስም ዘንጉን መመንተፍ የለም፤ አፉ ትንሽ ነው፣ ጫፉን ቀና ማድረግ ብቻ ነው። ሽማግሌው የመንጠቆዎቹን ወደ ኋላ የዞረ እሾህ በፒንሳ ደፍጥጦታል፤ ዓሣው ሳይቆስል እንዲለቀቅ ነው። ስለዚህ ገመዱ አንዴ ከላላ ዓሣው ሹልክ ይላል፤ ሳይላላና ሳይመነተፍ መጎተት አለበት። ከመንካትሽ በፊት ደግሞ እጅሽን ውሃ ንከሪ አለኝ። ደረቅ እጅ ገላውን ይልጠዋል።

የመጀመሪያ ዓሣዬን ሰኔ መግቢያ ላይ ያዝኩ። ገመዱ ጣቴ ውስጥ ሲርገበገብ በጣም ደነገጥኩ። ትንሽ፣ ፈጣን፣ ከውስጥ የሚመታ ነገር ነው። ከየካቲት ወዲህ እንዲያ ያለ ነገር ተሰምቶኝ አያውቅም። እጄን ነክሬ ያዝኩት፣ ለቀቅኩት፤ ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ ዝም አለ። ዝምታው ለመጀመሪያ ጊዜ አላስጠላኝም።

ከዚያ በኋላ ወደ ቨርጂኒያ መሄዱ ይከብደኝ ጀመር። ቅዳሜ እስኪደርስ እጠብቃለሁ። መኪና ውስጥ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ዝንቡ እናወራለን፤ አንድ ሁለቴ ስቆ አየሁት። ሳጥኑ ሲከፈት ግን ያቺ ጥቁር ዘለላ ጥጓን ይዛ ትታየኛለች። ሁለቴ ጠየቅኩት፤ ሁለቴም አልችልም አለኝ። ሴቲቱም ብቅ አላለችም።

የሰኔ የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። ቲኬቴን ገዝቻለሁ፤ ሳጥኑን ያገኘሁበት ያ ሻንጣ በልብሴ ተሞልቶ ክሎዜት ውስጥ ቆሟል። እማማ አልመጡም፤ ሐይቁ ዳር ሦስታችን ብቻ ነን። ባሌ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆሟል፣ ሽማግሌው ከወንበሩ ላይ ነው፣ ሳጥኑ ሣሩ ላይ ተከፍቷል።

«ዛሬ ትነግረኛለህ» አልኩት። «ካልነገርከኝ ሰኞ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ወላሂ እሄዳለሁ።»

ገመዱን በእጁ ሰበሰበ። «አልችልም» አለ።

ጎንበስ ብዬ ከረጢቷን አነሳኋት። «እንግዲያው ውሃ ይብላት» አልኩና ወረወርኳት።

ቀላል ስለሆነች ሩቅ አልሄደችም። ውሃው ላይ ተኛች፤ ነፋሱ ደግሞ ወደ መሀል ይገፋት ጀመር። ባሌ ዘንጉን ጥሎ ተከተላት። ውሃው ወገቡ ደረሰ፣ ደረቱ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ሐይቁ ድንገት ይጠልቃል። ሽማግሌው ብድግ ብሎ አቁም አለው። ባሌ በእግሩ ጣቶች ቆሞ እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰባትም። እየራቀች ነው። ዞሮ አየኝ። እንዲያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም።

«የልጃችን ናት» አለ። «የልጃችን ጸጉር ናት። ነርሷ ቆርጣ ሰጠችኝ። ወላሂ ብዬልሽ ስለነበር ነው'ኮ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አራት ወር ሙሉ ለምን ዝም አለ እያልኩ የከሰስኩት ሰው አፉን የለጎምኩት እኔ ነኝ። አስምዬው ረሳሁት፤ እሱ አልረሳም።

ዘንጌን አነሳሁ። ጫፉ ላይ ከኔ ጸጉር የተሠራው ዝንብ አለ። በድንጋጤ ከትከሻዬ አንስቼ መታሁት፤ ዝንቡ ከረጢቷ ጋ ሳይደርስ ጧ ብሎ ወደቀ፣ ሞገዱም ከፍ ዝቅ እያደረገ ይበልጥ አራቃት። ሽማግሌው ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። አልነካኝም።

«ሞገዱ ይሙት» አለኝ በአማርኛ።

ባሌ ሰማው። ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ፣ ሞገድ እንዳያነሳ ብሎ ሳይነቃነቅ ቆመ። ዋና የማያውቀው ሰው ተገትሮ ጠበቀ። እኔም ጠበቅኩ። ውሃው ጸጥ አለ። ዘንጉን ቀስ አድርጌ እስከ ጆሮዬ አነሳሁ፣ ገመዱ እስኪንጠለጠል ቆየሁ፣ ምስማሩን መታሁ። ገመዱ ተጠቅልሎ ሄደና ከከረጢቷ ማዶ አረፈ። በጣቴ ስንዝር ሳብኩ። አንድ ስንዝር ጨመርኩ። ዝንቡ ከረጢቷ ላይ ወጣና መንጠቆው የዚፑን ጠርዝ ያዘ።

መንጠቆው እሾህ የለውም። ገመዱ ቢላላ ትወድቃለች፣ ብመነትፈው ይቀደዳል። የዘንጉን ጫፍ ቀና አድርጌ በጣቴ እየሰበሰብኩ ሳብኳት፤ ትንሽ፣ ከዚያ ትንሽ። በባሌ ደረት አጠገብ ስታልፍ እጁን አወጣና ሞገዱን ፈርቶ መለሰው፣ በዓይኑ ብቻ ሸኛት። እግሬ ሥር ደረሰች። ተንበረከክኩ። ልይዛት ስል ከልማድ የተነሳ እጄን አስቀድሜ ውሃ ነከርኩት።

ውስጧ ውሃ አልገባም ነበር። ከፍቼ በጣቴ ዳሰስኳት፤ ከዚያች ቀን በፊት እንዲያ ለስላሳ ነገር ነክቼ አላውቅም። ባሌ ውሃው ከልብሱ እየተንጠባጠበ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሽማግሌው ወንበሩን አጥፎ ወደ መኪናው ሄደ።

«ሴት ናት?» አልኩት።

«ሴት ናት።»

«ንገረኝ።»

ነገረኝ። ጸጉሯ ብዙ ነበር፣ እስከ ግንባሯ ይወርዳል። አፍንጫዋ የኔ ነው። ጣቶቿ ረጃጅም ነበሩ፤ የሱን አንድ ጣት ሁለት ጊዜ ይዞሩት ነበር አለኝና ማጋነኑ ገብቶት ጣቱን መልሶ ሰበሰበ። እሱ ራሱ አጥቧታል፣ ስምም አውጥቶላታል። ስሟን ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም።

ቨርጂኒያ አልሄድኩም። ሰኞ ጠዋት ቁርስ አቅርቤለት አልበላም አለኝ። ማክሰኞም አልበላም። ምን ሆነሃል ስለው፣ መሐላዬን ስላፈረስኩ ከፋራ አለብኝ፣ ለማካካሻው ሦስት ቀን እጾማለሁ አለኝ። ያስማልኩት እኔ ነበርኩ። የቀሩትን ሁለት ቀን አብሬው ጾምኩ፤ ያመለጠችኝን አንዷን ቀን ሐሙስ ብቻዬን ጾምኩ።